ከማማው ላይ ያልታየው ፍም

አንድ ነፋስ የማያጣው የኮረብታ ከተማ ነበረ። በዚያ ዘመን ክብሪት የሚባል ነገር አልተሰማም፤ እንጨት ፈትገው እሳት ማውጣት የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አልቀው ነበር። እሳቱ የጠፋበት ሰው ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ይዞ እሳት ካለበት ሄዶ ፍም ይጭራል እንጂ ሌላ መላ የለውም። የከተማው ሰው ሁሉ የሚጭረው ደግሞ ከአንድ ቦታ ነበር፤ ከባለጠጋው ከጓንጉል ታላቅ ምድጃ። ምድጃው ገበያው መሀል በድንጋይ የተገነባ፣ በሬ ቢያጋድሙበት የሚበቃ፣ ቀንም ሌትም የማይጠፋ ነበር። ሰው ጠዋት ጠዋት ገሉን ይዞ ይመጣና ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል፤ ተቀምጦም ዝም አይልም። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ላም ጠፋች፣ የማን ልጅ ታጨች፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። እሳት እቤቱ አዳፍኖ የሚያሳድር ሰው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ማን ይደክማል፣ የጓንጉል እሳት እያለ።

ጓንጉል እሳቱን የሚሰጠው በነፃ ነበር። ይህን አይተው «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው» የሚሉ ሞልተዋል። ሰው በተሰበሰበበት የጓንጉል ጨውና የጓንጉል ሸማ እንደሚሸጥ ያስተዋሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ማን ወደ እሳቱ ቀርቦ እንደሚቀመጥ፣ የማን ወሬ በሎሌዎቹ አፍ ጮክ ተብሎ እንደሚደገም የሚወስነውም እርሱ ነው። ሲውል ሲያድር ደግሞ አንድ ነገር ገባው። ሰው መልካም ወሬ ሲሰማ ፍሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጠብ ሲነሳ ግን ፍሙ ገሉ ላይ አመድ እስኪሆን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ወዲያ ነገረኛውንና ተሳዳቢውን ከፊት፣ ለታመመ ጎረቤቷ ጠያቂ የምትፈልገዋን ሴት ከኋላ ማስቀመጥ ጀመረ።

ይታክቱ የምትባል ጥጥ ፈታይ ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር። አንድ ቀን ጎረቤቷ ዘርትሁን ምጥ ጠንቶባት እርዳታ ልትጠራ ወደ ታላቁ ምድጃ ሮጠች። የዚያን ቀን ሁለት ሰዎች በፍየል ተጣልተው የከተማው ሰው ሁሉ እነሱን ይሰማል። ይታክቱ ብትጮህ፣ ብትለምን፣ ዘወር ብሎ ያያት አልነበረም። ዘርትሁን እግዜር ረድቷት በሰላም ተገላገለች። ይታክቱ ግን በማግስቱ ጓንጉል ፊት ቆማ የሆዷን ተናገረች፤ ሎሌዎቹም ዳግመኛ እዚህ እንዳትደርሺ ብለው ሸኟት። እሷ አልለመነችም። ከአንዲት ዘመዷ ፍም ተቀብላ፣ ጎጆዋ ውስጥ ጉልቻዋን አስተካክላ፣ እሳቷን በአመድ አዳፍና አሳደረች። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ቀይ ፍም ጠበቃት። ዘርትሁን ከእሷ ጫረች፤ ከዘርትሁን ሌላዋ ጫረች።

ወሬው ሲሰማ ከተማው ተነቃነቀ። «የራሴን እሳት ካሳደርኩ የማንን ፊት አያለሁ» እያለ ሁሉም ምድጃውን ያበጅ ጀመር። በዚያ ሰሞን የማይጨስ ጣሪያ አልነበረም፤ በየአጥሩ ሥር ጨዋታው ደራ። ሞቅ ሞቁ ግን ብዙ አልቆየም። እሳት ማሳደር ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንዱ ማዳፈን ረስቶ ይጠፋበታል፣ ሌላው «እዚህማ የምናወራው አምስትና ስድስት ሆነን ነው፣ እዚያ እኮ አገር ነው ያለው» ብሎ ይሰለቻል። ብዙዎች ገል ይዘው ወደ ገበያው ተመለሱ። ጓንጉልም ሲመለሱ እያየ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

ደስታው ግን ሙሉ አልሆነለትም፤ ያልተመለሱትም አሉና። ንጉሡ ዘንድ ገብቶ አዋጅ ለመነ። በየቤቱ እሳት ማሳደር ይቅር፣ ሰው ሁሉ ከአንድ ምድጃ ይጫር፣ ጃንሆይም የሕዝባቸውን ወሬ ባንድ ቦታ ቢሰሙ ይሻላቸዋል ብሎ አሳመረው። ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለ ምክንያት ሕዝቡን ማስከፋት አይወድም። ስለዚህ የቤት እሳቶቹ እየበዙ ነው ወይስ እየከሰሙ የሚለውን መጀመሪያ ማወቅ ፈለገ። እየበዙ ከሆነ ሕዝቡ ወዷቸዋልና አይነኩም፤ እየከሰሙ ከሆነ ግን አዋጁ ማንንም አይጎዳም፣ ሊሞት የተቃረበን መቅበር ነው አለ። ይህንንም እንዲያጣራ ቆጣሪውን ምናሴን ላከ።

ምናሴ የተማረ፣ የተከበረ፣ ጦርም ሆነ ከብት ቆጥሮ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ተሳስቶ እንደማያውቅም ራሱ ለሰው መንገር ይወዳል። ገበያው ጥግ ካለው የዘበኞች ማማ ላይ ወጥቶ የሚጨሱትን ጣሪያዎች ቆጠረ። ቆጠራው እንዳይዛባ ብሎም ሁልጊዜ የሚወጣው ቀትር ላይ ነበር፤ የታላቁ ምድጃ ጭስ ቀጥ ብሎ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። የጓንጉል ጭስ እንደ ወትሮው ሰማይ ይነካል። በመንደሮቹ በኩል ግን በወጣ ቁጥር የሚጨሰው ጣሪያ እያነሰ መጣ፤ በመጨረሻ ጭስ ለማየት ዓይኑን ማጥበብ ያስፈልገው ነበር። ወርዶ ለንጉሡ እየከሰሙ መሆናቸውን በሙሉ አፉ ነገረው። ንጉሡም አዋጁ በመጪው የገበያ ቀን እንዲነገር አዘዘ፤ ሰው በድንገት እንዳይደናገጥ ምናሴ ራሱ በየቤቱ ዞሮ አስቀድሞ እንዲያሳውቅም ላከው።

ምናሴ መንደሩን የጀመረው ከይታክቱ ቤት ነበር፤ ከማማው ላይ ጭስ ካየባት ብዙ ጊዜ ስለሆነው የሞተች ምድጃ ናት ብሎ ነው። ገብቶ ተቀመጠና አዋጁን ነገራት። ምድጃዋ ላይ ግራጫ አመድ ብቻ ነው ያለው። ልቡም ትንሽ ስላዘነላት ሊያጽናናት ፈለገ። «አይዞሽ እናቴ፣ እሳትሽ እንደሆነ ራሱ ጠፍቷል፤ አዋጁ የሚወስድብሽ ነገር የለም» አላትና እግረ መንገዱን ጣቱን አመዱ ውስጥ ሰደደ። ወዲያው እጁን መንጭቆ አፉ ውስጥ ከተተው። ይታክቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ስቃ ስታበቃ ቅቤ ቀባችለት።

«ልጄ፣ የማይጨስ እሳት ሁሉ የጠፋ መሰለህ?» አለችው። «እኔ የምቀቅለው ጠዋትና ማታ ነው። ቀኑን ምን ልሁን ብዬ አነደዋለሁ? አዳፍኜ ወደ ጥጤ እሄዳለሁ።»

ይህን እያለች ሳለ ዘርትሁን ልጇን አዝላ፣ ገሏን ይዛ ገባች። ማታ ዝናብ በጣሪያዋ ቀዳዳ ገብቶ እሳቷን አጥፍቶባት ነበር። ይታክቱ አመዱን ገለጠች፤ ከሥሩ ያለው ፍም የምናሴን ፊት አሞቀው። ሁለቱ ሴቶች ማን እንደታመመና ማን ሊያርስ ረዳት እንደሚፈልግ ተነጋገሩ፤ ዘርትሁን በመንገዷ ለሦስተኛ ሰው የምታደርሰው መልእክት ተቀበለች፤ ሄደች። ሁሉም ነገር ምናሴ ጣቱን እፍ እያለ ሳለ አለቀ። ያኔ በጓሮው በኩል ወጥቶ ሲያይ፣ ከዚያ ቤት አጥር ወደ ሌላው አጥር፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ፣ እግር ያለሰለሳቸው ቀጫጭን መንገዶች አየ። ከማማው ላይ አንዱም አይታይም ነበር።

የቀረውን ቀን በሙሉ ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ። እውነትም የከሰመ ምድጃ አገኘ፤ ባለቤቱ ወደ ገበያው የተመለሰ፣ አመዱ የቀዘቀዘ። አልካደም፣ እንዲህ ያለውም ጥቂት አልነበረም። ነገር ግን አብዛኛው አመድ ሲነካ ያቃጥላል። የጠፋባቸውም ቢሆኑ ከማን እንደሚጭሩ ሲጠይቃቸው ሦስትና አራት ደጅ ይጠሩለታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ሸማኔው ቸኮል ብቻ፣ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር በአጥር ድንበር የተኳረፈ ግልፍተኛ፣ ሥራዬን አታስፈታኝ ብሎ ከደጁ መለሰው። ምናሴ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስሕተቱ ገባው። ትንሾቹን እሳቶች የለካቸው በትልቁ እሳት ልክ ነበር። ትልቁ ቀትርም ይጨሳል፣ ያለ ሥራም ይጨሳል፤ እነዚህ ግን የሚጨሱት ለቁም ነገር ብቻ ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ስሙም እንደተከበረ ይኖራል። በእርሱ ቃል ግን የይታክቱ ምድጃ ውሃ ሊደፋበት ነው።

በማግስቱ ምናሴ ጓንጉል በተቀመጠበት ንጉሡ ፊት ወድቆ እጅ ነሳ። ቆጠራው ስሕተት እንደነበረ፣ ጭስ ቆጥሮ እሳት የቆጠረ እንደመሰለው ሳይሸፋፍን ተናገረ። ጓንጉል ሳቀ። ቆጣሪው አንዲት አሮጊት ቅቤ ቀብታው ነው የተለወጠው አለ፤ ቤተ መንግሥቱም አብሮት ሳቀ።

ንጉሡ ግን አልሳቀም። «ትናንት ከሰሙ አልከኝ፤ ዛሬ አልከሰሙም ትለኛለህ። የትኛውን ምናሴ ልመን?»

«ጃንሆይ፣ የትኛውንም አይመኑ» አለ ምናሴ። «የየቤቱን እሳት ሁሉ ያስጠፉ፤ ራስዎ የመረጡት አንድ ቤት ብቻ ይቅር። ታላቁም ምድጃ ይጥፋ። ከዚያ የማን ጭስ እንደሚነሳ ማማው ላይ ቆመን እንይ።»

ጓንጉል ይህን ሲሰማ ይበልጥ ደስ አለው። ተራራ የሚያህል ማገዶና እልፍ ሎሌ አለው፤ የአንዲት ፍም ነገር የሚያስጨንቀው አልመሰለውም። ንጉሡም ተስማማ፤ ከቤተ መንግሥት ለማንም እሳት እንዳይሰጥ አዘዘ። ለምናሴ ደግሞ እስከ ፀሐይ መግቢያ የመንደሩ ጣሪያ ካልጨሰ ካባውን አውልቆ ከከተማው እንደሚወጣ፣ አዋጁም ያን ጊዜውኑ እንደሚነገር ነገረው።

ጭፍሮች በማለዳ ወጥተው በየምድጃው ውሃ ደፉ። ታላቁ ምድጃ ላይ እንስራ በእንስራ ሲገለበጥበት ጩኸቱ ከተማውን አናወጠው። ንጉሡ ከማማው ላይ ሆኖ ከሁሉም የራቀውን ጣሪያ በጣቱ አሳየ፤ የሚቀረው ያ ቤት ነው አለ። ምናሴ ወደዚያ ሲያይ ከጎረቤቱ ሁሉ የተኳረፈውን ሰው ደጅ አወቀ። ቤቱ የሸማኔው የቸኮል ነበር።

ቀኑ ተጋመሰ፤ ከመንደሩ የሚነሳ ነገር የለም። ጓንጉል ፍሙን ሎሌዎቹ ያመጡታል ብሎ ተማምኖ ማማው ላይ ምሳውን በላ። ምናሴ የገደሉን አፋፍ ብቻ ያያል። ካባው አላሳዘነውም፤ ያሳዘነው ይታክቱ ናት፤ ያን ሁሉ ፈተና ያመጣሁባት እኔ ነኝ እያለ ራሱን ይረግማል። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ቀጭኗን መንገድ ይዛ ወደ ቸኮል አጥር ስትወጣ አያት። ዘርትሁን ነበረች። ከቸኮል ጋር በአጥር የተጣላችው፣ ሰላምታ እንኳ ያቆመችው ራሷ ዘርትሁን። አጥሩ ዘንድ ቆመች። ቆመች።

ምን እንደተባባሉ ኋላ ነው የሰማው። ዘርትሁን «ጠቡ ባለበት ይቆይ፤ እኔ የመጣሁት ለእሳት ነው» አለችው። ቸኮል ከእግር እስከ ራሷ አያት። ከዚያ ገሏን ተቀብሎ ገባ፤ ፍሙን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ አመድ አለበሰላትና መለሰላት። «ነፋስ ነው፣ በነጠላሽ ከልይው» አላት። የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ከማማው ላይ የታየው ግን ሌላ ነበር። ዘርትሁን ቤቷ ገባች፤ ጥቂት ቆይቶ ከጣሪያዋ ቀጭን ጭስ ወጣ። ያን ጭስ ሲያዩ ከግራም ከቀኝም ሰዎች ገል ይዘው ብቅ አሉ። አንዱ ጭስ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ አራት ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ምናሴ መቁጠር አቃተው። ተሳስቶ የማያውቀው ቆጣሪ ቁጥር ጠፍቶበት እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ይስቃል። በየመንገዱ ሰው ይሮጣል፣ ይቀባበላል፣ እልልታ ከአንዱ ሰፈር ተነስቶ በሌላው ይመለሳል። ምድጃቸው ቀደም ሲል ከስሞ የነበሩት እንኳ ዳግመኛ አነደዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮረብታው በሙሉ፣ ከገደሉ አፋፍ እስከ ወንዙ፣ ከጫፍ ጫፍ ጨሰ። ንጉሡ የማማውን ድጋፍ ይዞ ጭሱን ከወዲህ ወዲያ አማተረ፤ ዘወር ሲል ፊቱ በርቶ ነበር።

«ከተማዬን ገና ዛሬ አየኋት» አለ።

ከታች ገበያው መሀል የጓንጉል ሎሌዎች የራሰውን ጠርገው፣ ደረቅ ማገዶ ከምረው፣ ከሩቅ ጭሱን ያያሉ። ከእነሱ ጋር ከዚያ ምድጃ ሲጭር የኖረ ሕዝብ ገሉን ይዞ ቆሟል። እሳት እንደ ልብ በሆነበት ከተማ መሀል እሳት አጥተው ቆሙ፤ የማንን በር እንደሚመቱ የሚያውቅ ከመሀላቸው አልነበረም። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው የተነጋገሩት ከጓንጉል ምድጃ ጋር እንጂ እርስ በርስ አልነበረምና። በመጨረሻ ጓንጉል ራሱ ገል ይዞ ወደ መንደሩ ወጣ። መንገዱን ስለማያውቀው እግሩ ያደረሰው በር ላይ ቆመ፤ በሩ የይታክቱ ነበር። ማን እንደሆነ አወቀችው። ለምን እንደመጣም ገሉ ይናገራል። አመዱን ገልጣ ከላይ ከላዩ ቀይ ቀዩን መርጣ ሞላችለት፤ ስለ ድሮው ነገር አንድ ቃል አላነሳችም። ጓንጉል ብዙ ማለት ፈልጎ ነበር፤ ያለው ግን «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ታላቁ ምድጃ በይታክቱ ፍም ተቀጣጠለ። ንጉሡም ማንም ሰው ከወደደበት እንዲጭር አዘዘ፤ ምናሴም ካባውን እንደለበሰ ኖረ፣ ተሳስቼ አላውቅም ማለቱን ግን ተወ።

ዛሬ ገል ይዞ የሚዞር የለም፤ ሁላችንም ስልክ ይዘናል። ወሬያችንንም ባለቤታቸው አንድ በሆነ ታላላቅ መድረኮች ላይ እንጭራለን፤ ማን ከፊት እንደሚቀመጥና የማን ጠብ እንደሚደገም እኛ አንወስንም። ይህ የሰለቻቸው ሰዎች ማዕከል የሌላቸው፣ ያንዱ ቤት ከሌላው ቤት የሚቀባበልባቸው የኢንተርኔት ማኅበራዊ ትስስሮችን መሥርተዋል። በየጊዜውም «አደጉ ወይስ ከሰሙ» የሚል ክርክር ይነሳል። ሞቅ ባለ ሰሞን የገባው ሕዝብ ተመልሶ ወጣ፣ ቁጥሩ ወረደ፣ አበቃላቸው ይባላል። ቁጥሩ መውረዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የጠፉ ምድጃዎችም አሉ። ግን በማማ ላይ ቆሞ ጭስ የሚቆጥር ሰው ፍሙን አያይም። ባለቤቱ አንድ የሆነበት ነገር ትልቅነቱ ከሩቅ ይታያል፤ ውሃ ከተደፋበት ግን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ባለቤቱ ሁሉም የሆነበት ነገር ትንሽ መስሎ ይኖራል፤ አንድ ፍም ከተረፈለት ግን አገር ያነዳል። ስለዚህ የማኅበር ጥንካሬ በመሀሉ በተሰበሰበው ሰው ብዛት አይለካም፤ ከበር እስከ በር ባለው መንገድ ነው የሚለካው። እድገትም ማለት እሳቱ ለጠፋበት ሰው የሚሰጥ እጅ መብዛቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሁልጊዜ የምትገባበት ታላቅ መድረክ ነገ በሩን ቢዘጋብህ፣ ከዚያ ሁሉ ወዳጅህ መካከል ቤቱን የምታውቀው ስንቱን ነው?